በመዳብ ቁር ወደ ሳነቴው ሐይቅ

ከአሰብ

ከአሰብ የተነሣነው በኅዳር አጋማሽ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የምንሄደው ባሌ፣ ከጎባ በላይ ወዳለው ሳነቴ የሚባል ቀዝቃዛ አምባ ነበር። ዓላማዬ አንድ ነው፤ ከአምስት ወር በፊት ከነፈረሱ የጠፋ አማን የሚባል ሰው እዚያ ካለ ሐይቅ ሥር መኖር አለመኖሩን ወርጄ ማየት። ለባሕር ሰው ተራራ ላይ ሥራ ተገኘለት ብለው የወደቡ ጓደኞቼ ሲስቁብኝ አብሬ ስቄ ነበር። መኪናው ሲነሣ ግን ሳቁ ጠፋ።

ሥራዬ ጠላቂነት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወደብ ምሰሶ ስመረምር፣ የተበጠሰ መልሕቅ ስፈልግ፣ የመርከብ ሆድ ስፍቅ ኖሬአለሁ። ለዚህ ጉዞ የለመነኝ ታሂር የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ታሂር የሮቤ ልጅ ነው፤ የጠፋው የአማን ሚስት ሩቂያ እህቱ ናት። ጭነት እስኪወርድለት ድረስ ወደቡ ዳር ቆሞ ስጠልቅ ያየኝ ነበር።

«ጋሽ በየነ፣» አለኝ አንድ ቀን፣ ገና የጥልቀት መነጽሬን ከፊቴ ሳላወልቅ፣ «በዚህ ልብስ ሐይቅ ውስጥም ይገባል?»

ነገሩን ዘርዝሮ ነገረኝ። አማን የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ነበር። ከማኅበሩ ጠብመንጃ ጋር ሳነቴን ሲያቋርጥ በጭጋግ ውስጥ ቀረ። አባቱ የፈረሱ ዱካ ወደ ሐይቁ ገብቶ እንዳልወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ማኅበሩ ግን ዱካውን ለማጥፋት በውሃ ሄዶ ነው፣ ከነመሣሪያው ከሰርጎ ገቦች ጋር ተቀላቅሏል አለ። በእሱ ፈንታ ታናሽ ወንድሙን አሊዪን ጎባ አሠሩት። ሬሳውና ጠብመንጃው ከተገኘ አሊዪ ይፈታል። ወሩ እስኪያልቅ ካልተገኘ ግን «ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል» ተብሏል። በዚያ ዘመን «ሌላ ቦታ» የት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

አንጀቴን በላው። የሃያ ቀን ፈቃድ ሞላሁ፣ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ።

ዕቃው

ዛሬ ጠላቂ የሚጠቀምበት በጀርባ የሚታዘል የአየር ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ግን ሲያልቅ የሚሞላው በሞተር ነው፤ ባሌ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ሞተር የለም። ስለዚህ ከመጋዘኑ ጥግ የተጣለውን የጥንቱን ዕቃ አወጣሁ። ሦስት መስኮት ያለው የመዳብ ራስ ቁር፣ ጎማ የተቀባ የሸራ ልብስ፣ የእርሳስ ጫማ፣ ረጅም የጎማ ቱቦና በሁለት ሰው እጅ የሚሽከረከር የአየር ፓምፕ ነው። ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱት ነው ይባላል። እኔ ሙያውን የተማርኩት በእሱ ስለሆነ እንደ አሮጌ በቅሎ ጠባዩን አውቀዋለሁ።

መንገድ ላይ ታሂር እንቅልፍ እንዳይጥለው አውራኝ ይለኛል። እኔም ከአስተማሪዬ የሰማሁትን አወራሁት። ሰው ውሃ ሥር መተንፈስ የጀመረው በብርጭቆ ነው አልኩት። ብርጭቆ ደፍተህ ገንዳ ውስጥ ብታስገባ ውስጡ አየር ይቀራል። የጥንት ሰዎች ያንን አይተው ቤት የሚያክል ደወል ሠሩ፤ ደፍተው አወረዱት፣ ሰው ውስጡ ተቀምጦ ወረደ። አየሩ ሲያልቅ በበርሜል እየሞሉ ላኩለት። ከዚያ በፊት ደግሞ በአየር የተነፋ የፍየል አቁማዳ ታቅፈው ወንዝ የተሻገሩ ወታደሮች ነበሩ ይባላል። የእኛዎቹ የዳህላክ ሉል ለቃሚዎች ደግሞ አፍንጫቸውን በቀንድ መቆንጠጫ ይዘው፣ እግራቸው ላይ ድንጋይ፣ ወገባቸው ላይ ገመድ አስረው፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ይወርዱ ነበር።

«ገመዳቸውን ማን ይይዛል?» አለ ታሂር።

«የሚስት ወንድም። እህቱ ባሏ እንዲሞትባት አይፈልግማ።»

ሳቀ። ከዚያ ግን ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። የእህቱን ነገር አስታወስኩት መሰለኝ፣ አፌን ብቆርጠው በወደድኩ።

ሮቤ

በስድስተኛው ቀን ከሻሸመኔ ተነሥተን በዶዶላና በአዳባ አድርገን ባሌ ገባን። ኬላ በደረስን ቁጥር ያንን የመዳብ ራስ እያዩ «ይህ ምንድን ነው ጓድ?» ይሉኛል። አንዱ ወታደር የቦምብ ክፍል ነው ብሎ ሁለት ሰዓት አቆመን። ራሴ ላይ አጥልቄ ባሳየው ጊዜ ከኋላው የነበሩት በሳቅ ሞቱ፤ እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «አውልቀው» አለኝ፣ «ፊትህ ይጠፋል።» ከዲንሾ በኋላ ብርዱ በመኪናው መስኮት ገባ። እኔ የአሰብ ሰው፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጥሁ።

ሮቤ ስንደርስ የሲናና ስንዴ ታጭዶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር። ከተማው በጋሪ ፈረስ ተሞልቷል። አልጋ በሁለት ብር ያዝን። ዕቃውን ስፈትሽ የፓምፑ ቆዳ ደርቆ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ይህ ቆዳ እንደ ትንሽ ሳህን ሆኖ በፓምፑ ሲሊንደር ውስጥ እየወጣ እየገባ አየሩን የሚገፋው ነው፤ እሱ ካፈሰሰ ጠላቂው ያልቅለታል። ታሂር ገበያ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ ኮርቻ ሰፊ ሽማግሌ ወሰደኝ።

ሽማግሌው አሮጌውን ቆዳ አገላብጠው አዩት። «ለምንድን ነው?» አሉ።

«በዚህ አየር ተገፍቶ እኔ ውሃ ሥር እተነፍሳለሁ፣ አባባ።»

«የት ውሃ?»

ታሂር በኦሮምኛ ነገራቸው። ሽማግሌው ከግድግዳው ላይ ምርጡን ቆዳ አውርደው ይቀዱ ጀመር። ሲጨርሱ በቅቤ አሹትና ሰጡኝ። ሒሳብ ስጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ «ከወጣህ ትከፍለኛለህ» አሉ። ቀልድ ነው ብዬ ፈገግ ብል እሳቸው ፈገግ አላሉም።

ጎባና የፈረሱ ሰው

ጎባ ላይ የአማን አባት ኦቦ ከድር አምስት ፈረስና አራት የመንደራቸውን ሰዎች ይዘው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ናቸው።

«ነጋን ዱፍቴ? በሰላም መጣህ?» አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፋቸው በልጓም ብዛት እንደ ቀንድ ደርቋል።

የማኅበሩ ሊቀመንበርም አብሮን ወጣ። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ክፉ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደክሞት የነበረ ሰው ሆኖ አገኘሁት። «ጠብመንጃው በእኔ ፊርማ የወጣ ነው፣ ጓድ በየነ» አለኝ ገና እንደተዋወቅን። «እኔም ተጠያቂ ነኝ።»

ዳገቱን ስንወጣ ፓምፑን የጫነው ፈረስ ገደል አፍ ላይ ደንግጦ ወደ ኋላ ተጎተተ። እኔ ብሆን ገመዱን አጥብቄ እይዝ ነበር። ኦቦ ከድር ግን ገመዱን ለቀቅ አደረጉለት፤ ፈረሱም ጥቂት አፈግፍጎ ቆመ። «ፈረስ ሲጎትት ከያዝከው ይወድቃል፣ አንተንም ይዞህ ይወድቃል» አሉኝ። «ሲጎትት ልቀቅ። ሲቆም ያዝ።»

ከአስታው ጫካ በላይ ስንደርስ ዛፍ አለቀ። ሳነቴ ሜዳ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ሜዳ አይቼ አላውቅም። ጭጋጉ ውስጥ ጅብራ የሚባሉት ተክሎች አንድ በአንድ ቆመዋል፤ የሰው ቁመት ስላላቸው ደጋግመው ሰው መሰሉኝ። ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልሰጥ እጄን አንሥቻለሁ። ትንፋሼ ያጥር ጀመር፣ ጆሮዬ ውስጥ የራሴን ደም እሰማለሁ።

ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ቢወረውሩ ጥቂት ነው የሚቀረው። ውሃው ጥቁር ነው፣ ወፍ የለበትም። በማዶ በኩል አንዲት ቀይ ቀበሮ ቁጢጥ ብላ ውሃውን ትመለከታለች። ድንጋይ ብወረውርም አልተነሣችም።

«የፈረስ ቀበሮ እንላታለን» አሉ ኦቦ ከድር። «ፈረስ ሊወልድ ሲል ትከተላለች። ከዚያ ወር ጀምሮ በመጣሁ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ናት።»

የልጃቸውን ስም ሐይቁ አጠገብ አንድም ጊዜ አልጠሩም። ሌሎቹም አልጠሩም። እኔ «አማን የገባው በየት በኩል ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም መሬት መሬት አዩ፤ ኦቦ ከድር ብቻ በዱላቸው አሳዩኝ።

ከሐይቁ ዝቅ ብሎ ካለ የእረኞች ጎጆ ገብተን ጩኮ በላን፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ ነው፣ ለብርድ እንደሱ ያለ ምግብ የለም። ኦቦ ከድር ቁሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያዩ ነበር። ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። አስተማሪዬ የሚለኝን ነገርኳቸው፤ እውነት ይሁን ተረት አላውቅም። በእንግሊዝ አገር አንድ የፈረስ ጋጣ ተቃጠለ። ጢሱ ሰው አላስገባ ሲል አንድ ወጣት የጥንት ጦረኛ የብረት ቁር ራሱ ላይ ደፋ፣ የውሃ ፓምፕ ቱቦ ሥሩ አስገባ፣ አየር ንፉልኝ ብሎ እሳቱ ውስጥ ገባ። ለጢስ የበጀ ለውሃም ይበጃል ተብሎ የእኛ ቁር ከዚያ መጣ።

ኦቦ ከድር ቀና አሉ። «ፈረሶቹስ? ወጡ?»

«ወጡ ይባላል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ትናንት እንደተቃጠለ ጋጣ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ሐይቁ ውስጥ

በማግሥቱ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ጠብቀን ፓምፑን ዳር ላይ ተከልን። አራቱ የመንደሩ ሰዎች በየተራ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲያሽከረክሩ አደረግሁ፤ ታሂር አለቃቸው ሆነ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፈጥነው ማሽከርከር አለባቸው። ምት እንዳይስቱ ዚክር እንበል አሉ። «በሉ» አልኳቸው፤ ላ ኢላሃ ኢለላህ እያሉ መንኰራኩሩን ማዞር ጀመሩ።

የሕይወቴን ገመድ ማን እንደሚይዝ ስናገር ኦቦ ከድር ቀድመው አነሡት። ታሂር ፓምፑ ላይ ነው፤ ደግሞስ አባት ማን ይከለክላል? ምልክቱን አስጠናኋቸው። አንድ ጊዜ መጎተት ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ገመድ ልቀቁ። አራት ጊዜ አውጡኝ። እሳቸውም በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሙልኝ። በወገቤ ላይ ደግሞ ምናልባት የሚታሰር ነገር ባገኝ ብዬ ሁለተኛ ገመድ ያዝሁ፤ የዚያን ጫፍ ሊቀመንበሩ ያዘ።

የፊቱ መስኮት ሲዘጋ ዓለሙ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የፓምፑ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እህ፣ እህ ይላል። በዚያ ቀን ግን ከአየሩ ጋር ሌላም ነገር ወረደ። የአስታ እንጨት ጢስ ሸተተኝ፣ ቅቤ ሸተተኝ፤ ከዚያ በቱቦው ውስጥ ዚክሩ ተሰማኝ። በጣም ቀጭን ሆኖ፣ ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ብቻ ቀርቶ። በአሰብ ጫጫታ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ውሃው እንደ ጩቤ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች ድንጋይ ላይ እየረገጥሁ ወረድኩ። ወደ ስምንት ሜትር ግድም ጠርዝ አገኘሁ፤ ከጠርዙ በታች ለስላሳ ጭቃ ያለው ቁልቁለት ይጀምራል። በእጄ የያዝኩት የውሃ መብራት ከሁለት ሦስት ክንድ በላይ አያሳይም። ጠርዙን ወደ ግራ ሄድኩ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ምንም የለም። ጣቶቼ ደነዘዙ። ቁልቁለቱ ላይ ጥቂት ወርጄ በገመዱ ተደግፌ ቆምኩና አሰብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ከዚህ በታች ያለውን ማወቅ አልፈለግሁም። ሰውየው የለም ብዬ ልመለስ ወሰንኩ፤ ገመዱንም አራት ጊዜ ጎተትኩ።

ገመዱ ላላ።

የተደገፍኩበት ነገር ከጀርባዬ ጠፋና የእርሳሱ ጫማ ጭቃው ላይ ይንሸራተት ጀመር። እንደገና ጎተትኩ፤ እንደገና ላላ። የቁሩን የአየር ማስወጫ ቫልቭ ዘግቼ እንደ ፊኛ ተነፍቼ መውጣት እችል ነበር፤ ግን እንዲያ በድንገት ከጥልቅ የወጣ ሰው መገጣጠሚያው ተቆራምዶ፣ አንዳንዱም ሞቶ ነው የሚወጣው። የድሮ ጠላቂዎች ይህን የተማሩት በሬሳቸው ነው። ስለዚህ ወረድኩ። ጆሮዬ ጮኸ። ከስምንቱ ሜትር እጥፍ ወርጄአለሁ ስል እግሬ አንድ ነገር ነካና ቆምኩ።

መብራቱን ሳዞር ፈረስ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

ቆሟል ያልኩት እውነቴን ነው። እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አንገቱን ቀና እንዳደረገ ነበር፤ ጋማው ከውሃው ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። ብርዱ ሳያበላሽ አቆይቶታል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ቁሩ ውስጥ የራሴው ድምፅ ፊቴን መታኝ። ዚክሩ አሁንም ይሰማል። ነገር ግን ከላይ ይምጣ ከታች መለየት አቃተኝ።

በዚህ መሐል የወገቤ ገመድ አንድ ጊዜ ተጎተተ፣ «ደህና ነህ?» እንደሚል ሰው። መልስ ልሰጥ ስዞር ጉተታው ከላይ እንዳልሆነ አየሁ። ገመዱ የፈረሱ እርካብ ላይ ተጠምዝዟል፤ እርካቡ ውስጥ ደግሞ የሰው እግር አለ።

አማን ከፈረሱ ጎን ወደ ላይ ተንሳፍፎ ነበር። እግሩ እርካቡ ውስጥ ስለተያዘ ነው አምስት ወር ሙሉ ያልወጣው። ጋቢው ከራሱ በላይ ተዘርግቷል። ፊቱን በደንብ አላየሁም፣ አላይም ብዬ ነው። በጩቤ የእርካቡን ጠፍር ቆረጥሁ፣ ሁለተኛውን ገመድ በብብቱ ሥር አሠርኩለት። ከዚያ ጠብመንጃውን ፈለግሁ። ትከሻው ላይ የለም። ኮርቻውን ዳሰስኩ፣ ጭቃውን እስከ ክርኔ ቆፈርኩ። ምንም የለም። እጄ እንጨት ሆነ። ሊቀመንበሩ የያዘውን ገመድ አራት ጊዜ ጎተትኩ፤ አማን እግሩን ወደ ታች አድርጎ ቀስ እያለ ከእኔ ርቆ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ የራሴን ጎተትኩ። አሁን ወዲያው ሳቡኝ፤ በየመሐሉ እየቆምኩ ወጣሁ።

ዳር ላይ

መስኮቱ ሲከፈት በመጀመሪያ የሰማሁት «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚለውን የሐዘን ዱዓ ነው። ኦቦ ከድር ተንበርክከው የልጃቸውን ፊት በነጠላቸው ያብሱ ነበር። እንባ የላቸውም። «በርዶሃል፣ ኢልመ ኮ» ይሉታል፣ ልጄ እያሉ። እኔ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ካለቀስኩ በኋላ ግን ቁጣዬ መጣ። «ኦቦ ከድር፣ አራት ጊዜ ጎተትኩኮ! ለምን ለቀቁት? ልሞት ነበር!»

መዳፋቸውን አዩት። «ፈረስ ሲጎትት መልቀቅ ነው ልማዱ። እጄ ነው፣ አላሰብኩም።»

ፓምፑ ላይ ከነበሩት አንዱ «የፈረስ ሰው እጅ እንዲህ ነው፣ ወላሂ» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አመንኩ፤ ዳገቱ ላይ በዓይኔ አይቼው የለ።

ሊቀመንበሩ ጠጋ አለኝ። «ጠብመንጃውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነገ እንደገና ልወርድ እችል ነበር። ወርጄ ባላገኘው ግን ጠብመንጃው የለም ማለት ነው፤ ጠብመንጃው ከሌለ ደግሞ አማን ለሰርጎ ገቦች ሰጥቶ ሲመለስ ሰጠመ ይባላል፣ አሊዪም ይዛወራል። ደግሞም ያንን ፈረስ ዳግም ማየት አልፈለግሁም። ሁለቱም ምክንያት እውነት ነው፤ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም።

«ከፈረሱ ሥር ነው» አልኩ። «አፈሙዙን አይቼዋለሁ። ፈረሱ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል፤ ማውጣት አይቻልም።»

«አፈሙዙን?»

«አፈሙዙን።»

ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ውሃውን አየ። «ከአንተ ሌላ እዚያ ወርዶ የሚያይ ሰው አለ?»

«እዚህ አገር? የለም።»

ደብተሩን አውጥቶ ጭኑ ላይ አስደግፎ ጻፈ። «ካየኸው ፈርም» አለኝ። ብዕሩን መያዝ ስላቃተኝ ጣቴን ቀለም አስነክቶ አስፈረመኝ፤ ማንበብና መጻፍ እንደማያውቅ ሰው።

ጀናዛው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ መንደሩ ወርዶ ታጥቦ ተቀበረ። ሩቂያ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች፤ ለጋ ልጅ ናት፣ ዓይኗ አብጧል። «እስከ ዛሬ ሚስትም አልነበርኩ፣ ባሏ የሞተባትም አልነበርኩ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ዒዳዬን፣ የሐዘን ወራቴን፣ እቆጥራለሁ። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።» አንገቴን ደፋሁ።

መመለስ

ጎባ ላይ ሁለት ቀን ጠበቅን። በሁለቱም ቀን ክርኔና ጉልበቴ ውስጥ መርፌ እንደገባ ይወጋኝ ነበር፤ እንቅልፌም ተቆራርጦ ነው ያለፈው። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ገመዱ ይላላል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አሊዪን ለቀቁት። ከሥቶ፣ ጸጉሩ አድጎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። አባቱ አቅፈውት ብዙ ቆዩ። ወንድሙን ቀብረው እንደመጡ ሲነግሩት ጫማው ከእጁ ወደቀ።

ኦቦ ከድርና አሊዪ ሮቤ ድረስ ሸኙን። ኮርቻ ሰፊው ሽማግሌ የቆዳቸውን ዋጋ ስሰጣቸው ቆጥረው ተቀበሉኝ፤ አሁን ፈገግ አሉ። መኪናው ሊነሣ ሲል ኦቦ ከድር ክንዴን ይዘው ወደ ጋሪ ማቆሚያው ዳር ወሰዱኝ።

«ቆጥሬ ነበር» አሉ።

አልገባኝም። «ምኑን?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ባዶ እጅህን ልትወጣ እንደሆነ አወቅሁ። እጄ ፈረስ አላሰበም፣ ልጄን ነው ያሰበው። ብትሞት በሕይወትህ ተጠያቂው እኔ ነበርኩ። አውፍ በለኝ።»

ብርዱ እንደገና ከእግሬ ጀመረኝ። መጀመሪያ ልሰድባቸው አሰብኩ። አፌ ከተከፈተ በኋላ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«እኔም ጠብመንጃ አላየሁም፣ ኦቦ ከድር። ምንም አልነበረም።»

አልደነገጡም። ዞር ብለው አሊዪን አዩት፤ የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላል፣ ታሂር ከጎኑ ያወራዋል።

«እንግዲያው አንተም ለእሱ ገመድ ለቀቅህለት» አሉ። ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ።

አሰብ የገባሁት ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሚስቴ «አገኛችሁት?» አለችኝ፤ «አገኘነው» አልኳት፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ሙቀቱ ደስ አለኝ። የወደቡን ጩኸት እንኳ እንደ ዘመድ ድምፅ ሰማሁት። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ የሚለኝ ቢኖር፣ ሰው ለልጁ ሲል ሌላውን ወደ ጨለማ ሊሰድ እንደሚችል፣ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ገመዱን አልለቅም ነበር የምል ሰው እንዳልሆንኩ ተማርኩ እላለሁ። ማወቁ አያስደስትም።

እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ መዝገብ አለው። የወረደበት ቦታ፣ ጥልቀቱ፣ የተገኘው ነገር ይጻፍበታል። በዚያ መዝገብ ላይ የሚጻፈው በእጅ የተነካ፣ በዓይን የታየ ብቻ ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚወርደው ሰው ነፍሱን አምኖ የሚሰጠው ለዚያ ጽሑፍ ነውና። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ያላየሁትን ጽፌበት አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ከፈትኩት። «የተገኘ» በሚለው ሥር አንድ ሰው፣ አንድ ፈረስ ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ቀጥዬ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ ጠብመንጃ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።